ሶፋ ሰሪው የእህቱን መጽሐፍ ሲያነብ

ባሌ ሶፋ ሰሪ ነው። ሲሠራ ሚስማሩን በአፉ ስለሚይዝ፣ ከሚስማር ሌላ ከአፉ የሚወጣ ነገር የለም እያልኩ እቀልድበታለሁ። ታላቅ እህቱ ግን ደራሲ ናት፤ በወጣትነቷ ከዚህ ሄዳ ስሟ የተጠራ። የሕይወት ታሪኳን ጻፈች ሲባል ሰፈሩ ሁሉ እኛም አለንበት ብሎ መጽሐፉን ተሻማው። ለባሌም አንድ ደንበኛው መጽሐፉን አመጣለት።

መነጽሩን ሰክቶ፣ ያልተቆረጠ ስፖንጅ ላይ ተቀምጦ ማንበብ ያዘ። እኔ የትራስ ልብስ እየሰፋሁ አየዋለሁ። መጀመሪያ የአባታቸው ብስክሌት ጋ ሲደርስ ሳቀ። ከዚያ አንድ ገጽ ላይ ቆሞ ደጋግሞ አነበበው።

"ምን አለች ደግሞ?" አልኩት።

ገልጦ ሰጠኝ። አማቴ ሁሉን ነገር የረሱበትን የበሽታቸውን ጊዜ ጽፋለች፤ "እኔ አጥቤያት፣ እኔ አጉርሻት" ትላለች። ወይ ጉድ! እሷ የመጣችው አንዴ፣ ለሳምንት፣ ያውም ስልኳ ከጆሮዋ ሳይወርድ። እናቱን ስንት ዓመት አቅፎ ፀሐይ ያሞቀ፣ ጥፍራቸውን የቆረጠ፣ ዳይፐር የቀየረ ይሄ ፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ነው።

"ዓይን ያወጣ ሌብነት!" ብዬ ጮህኩ።

"ተያት፣ ልፋቱን ትውሰደው። ከታች ያለውን አንብቢ።"

ከታች እናትየው እንዲህ ይላሉ፦ "ልጄ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?"

አማቴ ባሌን ጨርሶ አያውቁትም ነበር። ጠዋት ሲያነሳቸው፣ "እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ፣ የማን ልጅ ነዎት?" ይሉታል። "ያንቺ ነኝ፣ እማዬ" ሲላቸው ይስቃሉ፤ "አይ፣ የኔ ወንድ ልጅ ገና ትንሽ ነው።" አንድ ቀን እንኳ "ልጄ" ቢሉኝ እንዳለ ቀበራቸው።

"ፈጥራው ነው" አልኩት። "ደራሲ አይደለች እንዴ? ሥራዋ እኮ ነው!"

ፊቱ ፈካ አለ። "እስቲ ደውዪላት።"

ደውዬ ለሁለታችን እንዲሰማ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግኩት። ደራሲዋ ገና የወንድሟን ድምፅ ስትሰማ ማልቀስ ጀመረች። "ወንድምዬ፣ ያስታመምካት አንተ ነህ፣ አውቃለሁ። እየጻፍኩ ስሄድ ሁሉንም እኔ ያደረግኩት አስመሰልኩት። እንደገና ሲታተም አስተካክለዋለሁ።"

"እሱን ተዪው። ያ 'ልጄ፣ አንቺ ባትኖሪ' ያለችሽ... ፈጥረሽው ነው አይደል?"

በሆዴ፣ አዎ በዪ አንቺ ሴትዮ፣ እላለሁ። ያን ሁሉ ገጽ ስትዋሽ ያልከበዳት ዛሬ አንዲት ውሸት ብትጨምር ምን አለበት!

"ኧረ እሱስ እውነት ነው" አለች። "አንድ ቀን አንተ ሱቅ እያለህ ፀጉሯን ሳበጥርላት፣ በስሜ ጠርታ ነው ያለችኝ። ከመጽሐፉ አንድ ፊደል ያልነካሁት እሱን ነው።" አፍንጫዋን ጠረገች። "አንተንማ በየቀኑ ትልህ ነበር፣ አይደል?"

ባሌ መነጽሩን አወለቀ።

"እንዴታ፣ በየቀኑ" አላትና ስልኩን እንድዘጋው በእጁ ጠቆመኝ።