ለእንግዳ ጥርስ፣ ለቤት ድድ

ራፊላን በደንብ አውቃታለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። የማውቃት የበግ አይብ ልገዛ ስሄድ፣ በአጥሯ በር ላይ ነው። ስለ እሷ ለመጻፍ ከእኔ ይልቅ ጎረቤቷ ሳቬታ ትሻል ነበር፤ ሳቬታ ግን ማውራት እንጂ መጻፍ አይሆንላትም። ስለዚህ ያየሁትንና የሰማሁትን ያህል ልሞክር።

ባሏ ፓንተሊሞን ቆርቆሮ መቺ ነበር። ከአሮጌው የመሳፍንት ግንብ በታች ያለውን የከተማችንን ግማሽ ጣራ የሠራው እሱ ነው። ጉልበቱ መሰላል መውጣት እምቢ ሲለው፣ ግንቡ ውስጥ በበጋ ለአገር ጎብኚዎች የሚታየውን ትርኢት የሚያዘጋጁት ሰዎች ቤቱ ድረስ መጥተው ወሰዱት። ረጅም፣ ከሲታ፣ ፊቱ እንደ ሻማ የገረጣ ሰው ነው። የላይ ጥርሶቹ ካለቁ ቆይተዋል፤ ይህም ለሥራው ተመቸ። ሁለት ሹል ክራንቻ ያለው ሰው ሠራሽ ጥርስ አሠሩለት፣ ጥቁር ካባ ደረቡለት፣ ደም መጣጩ መስፍን ሆነ።

ትርኢቱ ቀላል ነው። ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ስትገባ ፓንተሊሞን የግንቡን ደረጃ ቀስ እያለ ይወርዳል። አግዳሚ ላይ በተደረደሩት እንግዶች ፊት ያልፍና አንዷን መርጦ፣ እጇን ይዞ፣ በግንቡ ትንሽ በር ያስገባታል። በሩ ይዘጋል። ከውስጥ ጩኸት ይሰማል። ሴትዮዋ ስትወጣ አንገቷ ላይ ሁለት ቀይ ነጠብጣብ አለ። ቀዩ የቀይ ሥር ጭማቂ ነው። የምትጨምቀው ራፊላ ነች።

ራፊላን እንቅልፍ የነሳት ታዲያ ጭማቂው አልነበረም፤ ከዚያ በር ጀርባ ባሏ ለሴቶቹ የሚላቸው ነገር ነው።

«ሁሉም እየሳቁ ነው የሚወጡት» አለችኝ አንድ ቀን፣ አይቡን እየቆረጠች። «ያቺ በየዓመቱ የምትመጣው ጀርመናዊት ግን እያለቀሰች ወጣች። በቀይ ሥር ጭማቂ ይለቀሳል እንዴ?»

«ጠየቅሽው፣ እትዬ ራፊላ?»

«ጠየቅኩታ! ‹ሥራ ነው› አለኝ። ጣራ ሲመታ እኮ ስለ እያንዳንዱ ምስማር ሲነግረኝ ነበር የሚያመሸው።» ቢላዋውን አስቀመጠች። «ካባውን የማጥበው እኔ ነኝ። ቀይ ፀጉሩ፣ ቢጫ ፀጉሩ፣ ሽቶው፣ የከንፈር ቀለሙ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ለእነሱ ጥርሱን ያጠልቃል። ቤት ሲገባ አውልቆ ብርጭቆ ውስጥ ይከተዋል። ለእንግዳ ጥርስ፣ ለቤት ድድ!»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ሴቶቹን እዚያ ድረስ የሚያመጣቸው ምን እንደሆነም ጠይቃኝ ታውቃለች። እኔ መጽሐፍ የማነብ ሰው ስለሆንኩ የማውቅ መሰላት። አላውቅም ነበር። እሷ ግን አስባበት ኖሯል።

«አያቶቻችን የሚፈሩት ከመቃብር የሚነሳ ሙት እኮ እንዲህ አልነበረም» አለች። «የጎረቤት አጎት ነው። አብጦ፣ ቀልቶ፣ በተቀበረበት ልብስ መጥቶ የገዛ ዘመዱን የሚጨርስ። ለእሱ ማን አንገቱን ይሰጣል? በኋላ ደራሲዎቹ አጠቡት፣ ካባ አለበሱት፣ ግንብ ሰጡት። ይኸው ሴቱ ተሰለፈለት።»

«መልኩን ስላሳመሩት ብቻ ይመስልሻል?»

«መልክማ በየቤቱ አለ። ደም መጣጩ ግን የመንደሩን መስኮት ሁሉ አልፎ ወደ አንዱ ነው የሚመጣው። ‹ያላንቺ አልኖርም› ሲል ደግሞ እውነቱን ነው፤ ካልጠጣ ያልቅለታል። እንዲህ የሚፈልግሽ ሰው ታውቂያለሽ? የእኔው ማማሊጋውን በልቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።»

ማማሊጋ የእኛ የበቆሎ ገንፎ ነው። እኔም ስንት ጊዜ ለብቻዬ እንደምበላው አሰብኩ።

በነሐሴ፣ የእኛ በጋ ሊያልቅ ሲል፣ ቅናቷ ከልክ አለፈ። በእኛ አገር በኅዳር፣ በእንድርያስ ዋዜማ ልጃገረዶች ነጭ ሽንኩርታቸውን ይዘው አንድ ቤት ይሰበሰባሉ። አንዲት ትልቅ ሴት ሻማ አብርታ ሽንኩርቱን ስትጠብቅ፣ እነሱ ከጎረምሶቹ ጋር ሲጨፍሩ ያድራሉ። ጠዋት ይካፈሉታል። የተጠበቀው ሽንኩርት በበርና በመስኮት፣ በላሞቹም ቀንድ ላይ ይቀባል፤ የሚነሳው ሙት አይጠጋም። አማቷ ከሞቱ ወዲህ የምትጠብቀው ራፊላ ናት፤ ድርሻዋም ዓመቱን ሙሉ ከሥዕለ ማርያም ሥር ተሰቅሎ ይኖራል።

ከዚያ ሽንኩርት አወረደች። ወቀጠችው። የካባውን ኮሌታ ከውስጥ በኩል ደህና አድርጋ አሸችው። ቅዱስ ነገርም ሆነ ክርፋት፣ አንዱ ሴቶቹን ያርቃል ብላ ነው።

የሆነውን ያየችው ሳቬታ ናት፤ ግንቡ በር ላይ የተቀቀለ በቆሎ ትሸጣለች። በማግስቱ እኔ አይብ ልገዛ ቆሜ ሳለሁ በአጥሩ ላይ ተንጠለጠለች።

«አንቺ ራፊላ! ባልሽን ምን አድርገሽ ነው የላክሽው?»

«ምን ሆነ?»

«ደረጃውን ሳይጨርስ ሽታው የፊተኛው አግዳሚ ላይ ደረሰ። መጀመሪያ ሁሉም አፍንጫቸውን ያዙ። ከዚያ አንዷ ተነስታ ‹ነጭ ሽንኩርት የማይፈራ ደም መጣጭ!› ብላ ጮኸች። አቤት ጭብጨባ! ‹ምረጠኝ፣ ምረጠኝ› ሲሉ አግዳሚው ተገለበጠ። አዘጋጆቹ በየቀኑ እንዲሸት ይፈልጋሉ። ሽንኩርቱን አንቺ እንድታቀርቢ ይጠይቁሻል፣ ተዘጋጂ።»

የራፊላ ፊት እንደ ቀይ ሥር ቀላ።

«ስንት ዘመን የጠበቅሽው ሽንኩርት!» አለች ሳቬታ፣ እየሳቀች። «ልጃገረዶቹ ጠዋት መቀነታቸው ላይ የሚቋጥሩት ለምን ይመስልሻል? ሾርባ ሊሠሩበት ነው?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ራፊላም ገባት። የተጠበቀ ሽንኩርት ሙትን ያባርራል፤ ሕያውን ግን ይጠራል። ልጃገረዶቹ የሚቋጥሩት ጎረምሳ እንዲከተላቸው ነው።

«ፓንተሊሞን ደግሞ» አለች ሳቬታ፣ «ሙት አይደለም። እስከ ትናንት ድረስ ለማለት ነው።»

ሳቬታ ከሄደች በኋላ ራፊላ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። እንደማይነገር ነገር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የነገረችኝ። «እኔ ተመርጬ አላውቅም። አባቴና አባቱ በግ ሊሸጡ ገበያ ተገናኝተው የእኛንም ነገር እዚያው ጨረሱት። እሱ ያየኝ ሥርጉ ሲደርስ ነው።» ወደ ግንቡ እያየች፣ «እዚያ አግዳሚ ላይ ብቀመጥ አልፎኝ ይሄዳል?» አለች።



የበጋው የመጨረሻ ትርኢት ቀን አብሬያት እንድሄድ ጠየቀችኝ። የእሑድ ሻሿን አስራለች። ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን፤ በሌላው ጎኗ ያቺ ጀርመናዊት ነበረች። ሽንኩርት ሸተተኝ። ካባው ግን ገና ከላይ፣ ግንቡ ውስጥ ነው። ወደ ራፊላ መቀነት ሳይ ትንሽ ቋጠሮ አየሁ። አይታኝ በሻርፕዋ ሸፈነችው።

ፓንተሊሞን ወረደ። እውነቱን ልናገር፣ ያምር ነበር። ጣራ ላይ ሳየው የኖርኩት ሰውዬ አይመስልም። በፊተኛው አግዳሚ ፊት ቀስ ብሎ አለፈ፣ ወደ እኛ መጣ። ጀርመናዊቷ ኮሌታዋን ገልጣ አንገቷን ዘንበል አድርጋለች። ራፊላ አንገቷን አላዘነበለችም፤ አንድ ነገር የሰረቃትን ሰው እንደያዘች ሁሉ ቀጥ ብላ አየችው። ክንዴን ጨምድዳ ይዛኝ ነበር።

አለፋት።

ክንዴን ለቀቀችኝ። ፓንተሊሞን የአግዳሚው ጫፍ ደርሶ ቆመ። ለምን እንደቆመ አላውቅም። ዞረ፣ የመጣበትን ተመለሰ፣ እፊቷ ሲደርስ እጁን ዘረጋ።

በሩ ከኋላቸው ተዘጋ። ጩኸቱን ጠበቅን። ጩኸት የለም። ሰው መንሾካሾክ ጀመረ፤ ከአዘጋጆቹ አንዱ ሰዓቱን አየ። በሩ ሲከፈት ራፊላ ቀድማ ወጣች። አንገቷ ላይ ምንም ቀይ ነገር የለም። ከኋላዋ ፓንተሊሞን ወጣ። ጥርሱ እጁ ላይ ነበር፤ አፉ እንደ ሽማግሌ አፍ ወደ ውስጥ ገብቷል። እንግዶቹ የትርኢቱ ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡ። ጀርመናዊቷ አላጨበጨበችም።

 ለመጠየቅ ድፍረት ያገኘሁት በማግስቱ፣ አጥሯ በር ላይ ነው።

«እትዬ ራፊላ፣ ምን አለሽ?»

አይቡን ቆረጠች። ከወትሮው ከፍ አድርጋ ነው የቆረጠችው።

«አይቡ ዛሬ ጨው ሳይበዛበት አይቀርም» አለች፣ ፈገግታዋን ሳትደብቅ። ጠቅልላ ሰጠችኝና በሩን ዘጋችው።