ወደ ላይ የሚበላ ቦረቦር

መካነ ሰላም ዳር፣ ከአባቴ ቤት ጓሮ ጎርፍ ሸርሽሮ የቆፈረውን ቦረቦር ባየሁ ቁጥር ያቅለሸልሸኛል። የከተማው ፌስታል፣ ያበጠ የውሻ ሬሳ፣ እግር የሚይዝ ጥቁር ጭቃ፤ ሁሉም እዚያ ይገማል። ከግማቱ ይልቅ የሚያስጠላኝ ግን ራሴ ነኝ። ቦረቦሩን በዶማ የጀመርኩት እኔ ነኝ።

ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ጎርፍ አፈርን እንዴት ጠርጎ እንደሚወስድ በጠመኔ ስስል ቀስቶቼ ያምራሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አባቴን ላግዝ ሄድኩ። ገብሱ ውሃ ተኝቶበት ቢጫ ሆኗል። በእኛ አገር ውሃ የሚያስወጣው ቦይ፣ ፈሰስ የምንለው፣ ማሳውን አግድም አቋርጦ ወሰኑ ሣር ላይ ያበቃል፤ ሣሩ የውሃውን ጉልበት ያበርደዋል። ወሰን አልፎ መቅደድ ነውር ነው። አባቴ ግን ቸኮለ።

«ቁልቁል ልቀቀው። ውሃ እንደሁ መሄጃ አያጣ» አለኝ።

ሣሩን ፈነቀልኩት። ከሥር ያለው ባላቸው የሞቱባቸው የጎረቤታችን የባቄላ ማሳ ነበር።

መስከረም ሲጠባ የባቄላው እኩሌታ ከነአፈሩ ወንዝ ገብቷል። ሴትዮዋ ምነው እንዲህ አደረጋችሁኝ ብለው ሊጠይቁ መጡ። አባቴ፣ «ዝናቡን እኔ አዘነብሁት እንዴ፣ እቴ? የአላህ ሥራ ነው» ብሎ መለሳቸው። እኔ አስተማሪው አጠገቡ ቆሜ መሬት መሬት አይ ነበር። ቱ! እስከ ዛሬ ምራቄ ይመረኛል።

ለተማሪዎቼ የምነግረውን ረስቼው ነበር። ቦረቦር ወደ ላይም ይበላል፤ ውሃው ከአፋፉ ሲወድቅ ሥሩን ይፈለፍለዋል፣ ከዚያ አፋፉ ራሱ ይናዳል። እንዲህ እያለ በየክረምቱ ወደ እኛ ወጣ። ወሰኑን አልፎ የገብሱን ማሳ በላ፤ ዘንድሮ ከጓሮው ግድግዳ አራት እርምጃ ቀረው። የግብርና ባለሙያው መጥቶ አየና፣ ቤቱ የሚተርፈው ውሃው ከላይ ተጠልፎ፣ ለሴትዮዋ በተረፈቻቸው ማሳ ዳር ጎርፍ ወደማይሸረሽረው አለት ሲመራ ብቻ ነው አለ።

አባቴ እኔን ላከኝ። እሱማ በምን ዓይኑ ያያቸዋል!

ደጃቸው ቆሜ እየተንተባተብኩ ለመንኳቸው። ሣሩን የፈነቀልኩት እኔ መሆኔንም ተናገርኩ። ነጠላቸውን አጣፍተው ሰሙኝ።

«ቅደዱት» አሉ በመጨረሻ። «ያኔም ብትጠይቁኝ እኮ፣ ልጄ፣ በዚያው ዳር አሳልፉት እላችሁ ነበር።»