ሁለት ፀሐይ ይቀረዋል

አጎቴ ጊንጪ ላይ የእህል ነጋዴ ነበሩ። ገበሬ ስንዴ ሲያመጣ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ጆንያው ውስጥ ከተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ይቆዩና «ደርቋል» ወይም «ሁለት ፀሐይ ይቀረዋል» ይላሉ። ተሳስተው አላየሁም።

እኔ አምቦ ምህንድስና ስማር የመመረቂያ ሥራዬ የእህል እርጥበት መለኪያ ነበር። ስንዴው በሁለት ቆርቆሮዎች መካከል ይፈስሳል፤ እርጥብ ሲሆን ቆርቆሮዎቹ የሚይዙት ኤሌክትሪክ ይጨምራል፣ መሣሪያውም ያንን ወደ ቁጥር ይለውጣል። መጋዘናቸው ውስጥ ስሞክረው መሣሪያው ደረቅ ነው አለ፤ እሳቸው «ይቀረዋል» አሉ።

«ጋሼ፣ ማሽን እኮ አያዳላም» ብዬ ተከራከርኳቸው። ትንሽ አዩኝና እንዲከመር ፈቀዱ። ከሳምንታት በኋላ ጆንያዎቹ ሲፈቱ መሃላቸው ሻግቶ ነበር። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

«መሣሪያሽ ገና ልጅ ነው፤ እናስተምረው» አሉኝ።

ያን በጋ በሙሉ እሳቸው በእጃቸው እየዳሰሱ ሲናገሩ እኔ ያሉትን ከመሣሪያው ቁጥር ጎን ጻፍኩ። የቀኑ ሙቀት ቁጥሩን እንደሚያዛባ የደረስኩበት ከዚያ ማስታወሻ ነው። አስተካከልኩት። መሣሪያው እሳቸው ያሉትን ማለት በጀመረ በዓመቱ አረፉ።

መጋዘኑን አሁን የያዝኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ከጭልሞ በኩል አንድ ገበሬ ስንዴ ጭኖ መጣ። ለካሁለትና «ደርቋል» አልኩት። ሰውየው ግን ከጆንያው አጠገብ አልተንቀሳቀሰም።

«ኦቦ የሉም እንዴ?» ብሎ አጎቴን ጠየቀኝ።

ማረፋቸውን አልሰማም ነበር። ነገርኩት። ባርኔጣውን አውልቆ ጆንያው ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ስንዴውን ለማስገባት ሁለታችንም አልተነሳንም።