ድራማው ውስጥ የሚተኙት አባባ

ስለ ሆስፒታል የሚያወራውን የቴሌቪዥን ድራማ ሲቀርጹ ወለሉን የምጠርገው እኔ ነኝ። በሽተኛ ሆነው የሚተኙ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ስማቸውን አላውቅም። ካሜራው ባያየውም ጫማቸውን አውልቀው አልጋው ሥር ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። ሳላቸው ግን የእውነት ነው መሰለኝ፤ ቀረጻው አልቆም አይለቃቸውም።

ትናንት ዶክተር ሆና የምትሠራዋን ልጅ ጠሯት።

«ልጄ፣ እስቲ ደረቴን አዳምጪልኝ።»

«ውይ አባባ፣ የእኔ ዶክተርነት እኮ ለድራማ ነው!» ብላ ሳቀች።

«አውቃለሁ። እውነተኞቹማ ወረፋው በዝቶባቸው፣ ቀና ብለውም ሳያዩኝ ሸኙኝ።»

ሳቋን ዋጠችው። ማዳመጫውን ጆሮዋ ውስጥ ከታ ደረታቸው ላይ አሳረፈችው። እኔም መጥረጌን አቆምኩ።

«ምን ይላል?» አሏት።

«እኔ ምኑን አውቄ፣ አባባ።» ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ግድ የለም ልጄ። ብቻ ቶሎ አታንሺው።»