በግራ ጎን የቀረው ምጥ

በምጥ ክፍሉ አምስት ነበርን፦ የሰመመን ሐኪሙ ዶክተር ግርማ፣ አዋላጇ ሲስተር አስቴር፣ ከጫኖ መንደር የመጣችው ወላድ አማረች፣ አማቷ እማማ ዳሜ፣ እና የሰመመን ክፍሉ ረዳት እኔ። አርባ ምንጭ ሆስፒታል ሥራ የጀመርኩበት ቀን ነበር።

ስለ ኤፒዱራል፣ በጀርባ ስለሚሰጠው የምጥ ማደንዘዣ፣ የማውቀው ከተዋስኳቸው መጻሕፍትና ከስልኬ ነበር። ትሪውን ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት፦ ጓንት፣ ማደንዘዣ፣ ረጅሙ መርፌ፣ ቀጭኑ ቱቦ፣ ፕላስተር።

ዶክተሩ አማረችን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጣት። «ጎበጥ በይ፤ እንዳትንቀሳቀሺ።» ሲስተር አስቴር በጋሞኛ ደገመችላት። መርፌው ጀርባዋ ላይ ገባ፤ ቱቦውን ትቶ ወጣ።

መድኃኒቱን እንደሰጣት ለአጣዳፊ ቀዶ ሕክምና ተጠራ። «በየአምስት ደቂቃው የደም ግፊቷን ለካ። ሕመሟን ከዜሮ እስከ አስር ጠይቀህ መዝግብ። ካልለቀቃት ጥራኝ» ብሎኝ ሄደ። ሲስተር አስቴርም ወደ ሌላ ወላድ አለፈች።

ቁጥር መጠየቅ አሳፈረኝ። «እንዴት ነሽ?» አልኳት።

«ጌታ ይባረክ።»

ዜሮ ጻፍኩ። ከአምስት ደቂቃ በኋላም ያንኑ መለሰችልኝ። ዜሮ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዝም አለች። በከተማው ማንንም አላውቅም ነበር፤ ሲቀላ ሰፈር በተከራየኋት ክፍል የማወራው ከራሴ ጋር ነበር። ዝምታዋ ተስማማኝ። ዕረፍት መሰለኝ።

ስድስተኛውን ዜሮ ስጽፍ ሲስተር አስቴር ተመለሰች። የአልጋውን ብረት የጨበጠውን የአማረችን እጅ አይታ በጋሞኛ አነጋገረቻት።

«ዜሮ ማን አለህ?»

«እሷ። ጌታ ይባረክ አለችኝ።»

«እኔም እናቴን የቀበርኩ ቀን እንደዚያው ነው ያልኩት። ግራ ጎኗ ጭራሽ አልደነዘዘም። መድኃኒት ተሰጥቷት አሁንም አመመኝ ማለት አፍራ ነው።»

እማማ ዳሜ የሆነ ነገር አጉረመረሙ።

«ምን አሉ?»

«የደነዘዘውስ ይሄ ረዳት ልጅ ነው አሉ።»

ዶክተሩን ጠራሁት፤ ከቀዶ ሕክምናው ወጥቶ መጣ። ቱቦውን አንድ ሴንቲሜትር ሳብ አድርጎ፣ በግራ ጎኗ አስተኝቶ መድኃኒት ጨመረላት። አልኮል የነካ ጥጥ ሰጠኝ። «ሁለቱንም ጎን ንካት። ከቀዘቀዛት አልደነዘዘም።»

ቆይቼ ግራ ጎኗን ነካሁ። «አይቀዘቅዝም» አለች በአማርኛ። የአልጋውን ብረት ለቀቀች።

ስድስቱን ዜሮ በአንድ መስመር ሰርዤ ፈረምኩ። ግማሽ ሰዓት ብቻዋን አምጣለች፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም ጎን በጥጥ ሳልነካ፣ ቁጥሩንም ከወላዷ አፍ ሳልሰማ አልመዘግብም።

ሲስተር አስቴር፣ እማማ ዳሜ፣ እናንተ ደግሞ አማረች ስለዚያ ግማሽ ሰዓት የነገረቻችሁ ካለ በዚህ ታሪክ ላይ ጨምሩበት። እኔ አልጠየቅኳትም።