የጽዱ ሜዳ

ዛሬ ቀበሌ ስብሰባ ላይ «የምትደግፉ እጅ አውጡ» ሲባል እጄ አልታዘዝ አለኝ።

አጀንዳው የሰፈራችን የጽድ ሜዳ ተመንጥሮ ለእኛ ለወጣቶች የቤት ማኅበር ይሰጥ የሚል ነበር። እኔማ በሐሳቤ መጋረጃ ሁሉ ሰቅዬ ጨርሻለሁ!

ከድምፁ በፊት ግን ሸክላ ሠሪዋ እማማ ጥሩ ተነሡ። «ልጆቼ፣ እናቴ እዚያ ናት። ‹ቡዳ ናችሁ› ተብለን ከሰው መቃብር ስንከለከል፣ የሞተብንን እዚያ ቀበርን።»

«ታዲያ ምልክቱ የታል እማማ? ድንጋይ እንኳ የለበት» አሉ ሰብሳቢው።

«ድንጋይ ብናቆም ያፈርሱብን ነበር። ጽድ ተከልን።»

እጅ ያወጣ ጠፋ። ውሳኔው ለሚቀጥለው ሳምንት ተላለፈ።

ለማትሪክ ያጠናሁት ከእነዚያ ጽዶች አንዱን ተደግፌ ነው። ማንን ተደግፌ እንደነበር አላውቅም።

በእናንተስ ሰፈር፣ ማን እንደተከለው ጠይቃችሁ የማታውቁት ዛፍ የለም?