አንድ መደብ ድንች

ነገሩ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው የጀመረው፤ ጨንቻ ገበያ፣ ድንች ተራ። የሚሊኒየሙ በዓል ካለፈ ዓመት ሆኖታል። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ጀማሪ የኢኮኖሚክስ መምህርት ነበርኩ። እዚያው ማክሮ ኢኮኖሚክስ ያስተማሩኝ ፕሮፌሰር ለጥናታቸው የደጋውን ገበያ ዋጋ መዝግቢልኝ ብለውኝ ዓመት ሙሉ ተመላልሻለሁ። ከተማው ውስጥ ዋጋ ሲንር ደጋው ላይ ንቅንቅ አላለም የሚለው ድምዳሜያቸው የቆመው በእኔ ደብተር ላይ ነው። ሐሙስ አዲስ አበባ ሊያቀርቡት ነው፤ ከጡረታ በፊት የመጨረሻቸው።

«መደቡ ስንት ነው?» አልኳቸው ሁልጊዜ የምጠይቃቸውን ሴትዮ።

«ያው ሁለት ብር።»

ጻፍኩ። ሴትዮዋ ወደ ጎረቤታቸው ዞር ብለው ሳቁ። «ይቺ ልጅ ትምህርቷ ጉድ ነው! ብሩን ትጽፋለች፣ ድንቹን አታይም።»

«ምን አጠፋሁ እማማ?»

«አምና መደቡ ሰባት ፍሬ ነበር፣ የኔ ልጅ። አሁን ስንት ነው? ቁጠሪ እስቲ! ዋጋ ጨመርን ብንል ማን ይገዛናል? ከመደቡ ነው የምንቀንሰው።»

አራት ነበር።

እኔ በኪሎ መግዛት የለመድኩ የከተማ ልጅ ነኝ። ደግሞ ሰው ፊት ማየት ስለሚከብደኝ ጠይቄ፣ ጽፌ፣ ከደብተሬ ቀና ሳልል ነበር የማልፈው። ለካ ዋጋው ዓመቱን ሙሉ ዓይኔ ሥር ሲንር ኖሯል።

መደቡን ገዝቼ በፌስታል ይዤ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ቁልቁለቱን ወደ አርባ ምንጭ ስንወርድ የማስበው ፕሮፌሰሩን ነበር። ፕሮፌሰሩ አይቆጡም። ተማሪ ሲሳሳት መነጽራቸውን አውልቀው ዝም ይላሉ፤ ያን ዝምታ ከተማሪነቴ ጀምሮ እፈራዋለሁ። ባልነግራቸውስ? ድንች የሚቆጥር ማን አለ? እንዲህ ብዬ ትንሽ ቀለል አለኝ። ከዚያ ፕሮፌሰሩ አዳራሹ ፊት ቆመው ጥናቱን ሲያነቡ፣ አንድ የደጋ ልጅ «መደቡ ስንት ፍሬ ነበር?» ሊል እጁን ሲያወጣ ታየኝ። ያን ማታ እራት አልበላሁም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ ቢሯቸውን አንኳኳሁ። ጥናቱ ጠረጴዛው ላይ ተጠርዞ ተቀምጧል። አራቱን ድንች ከፌስታሉ አውጥቼ አንድ በአንድ ላዩ ላይ ደረደርኩና፣ እሳቸው ገና መነጽራቸውን ሳያወልቁ፣ «ፕሮፌሰር፣ አምና ይሄ ሰባት ነበር» አልኳቸው።